የጠባይ ዓይነት መለያ መጠይቆች፦ ራስን ለመመርመር የሚያገለግሉት እስከ ምን ድረስ ነው?

በአንድ ሆስፒታል ለሐኪሞችና ለነርሶች የሁለት ቀን የአመራር ሥልጠና ተዘጋጀ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ መጠይቅ ያድላል። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ለእያንዳንዱም ከሁለት አማራጮች አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሠልጣኞቹ መልሳቸውን ደምረው ሲጨርሱ ለእያንዳንዳቸው አራት የላቲን ፊደላትና ፊደላቱን የሚያብራራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይደርሳቸዋል። አዳራሹ በሳቅና በጨዋታ ይሞላል፤ ሁሉም የጎረቤቱን ወረቀት አሻግሮ ያያል። አንዲት ኢንተርን ሐኪም ግን የደረሳትን ገጽ ደጋግማ ታነባለች። ጽሑፉ ጸጥተኛ፣ ለሰው ስሜት የምትጠነቀቅና በጥድፊያ መወሰን የማትወድ መሆኗን ይነግራታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከተማሪነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችውን የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ለመተው ማሰቧን ለጓደኛዋ ታጫውታታለች። ምክንያቷን ስትጠየቅ፣ “ከጠባዬ ጋር አይሄድም፤ ፈተናውም ይህንኑ ነው ያረጋገጠልኝ” ትላለች።

ታሪኩ ለማስረጃ ያህል የተፈጠረ ነው፤ የሚያስነሳው ጥያቄ ግን የብዙዎች ነው። በሥልጠና አዳራሾች፣ በሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቆች፣ በጋብቻ ምክርና በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ሳይቀር የጠባይ ዓይነት መለያዎች ተስፋፍተዋል። ሰው ራሱን እንዲመረምር ይረዱታል? ወይስ ምርመራው ሳይጀመር ውጤቱን ጽፈው ይሰጡታል? መልሱን ለማግኘት እነዚህ መለያዎች ከየት እንደመጡና በምን ዓይነት መለኪያ ላይ እንደተመሠረቱ ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአራቱ ባሕርያት እስከ አሥራ ስድስቱ ዓይነቶች

ሰውን በጠባዩ መድቦ የማየት ልማድ ከሕክምና ሙያ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፎች ጤና ማለት የአራት ፈሳሾች፣ ማለትም የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት ሚዛን መጠበቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው ምእተ ዓመት የኖረው ሐኪሙ ጋሌን ይህን አስተሳሰብ አስፋፋው። በዚሁ ትምህርት ሥር ከጊዜ በኋላ ደም የበዛበት ሰው ደስተኛ፣ ቢጫ ሐሞት ያየለበት ቁጡ፣ አክታ ያየለበት ቀዝቃዛ፣ ጥቁር ሐሞት ያየለበት ደግሞ ትካዜ የሚያጠቃው ተደርጎ ተቆጠረ። ፈሳሾቹ ከሕክምና መጻሕፍት ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ቋንቋው ዛሬም አለ፤ በአእምሮ ሕክምና የሚነገረው ሜላንኮሊያ የተሰኘው ቃል ትርጉሙ ጥቁር ሐሞት ነው።

በአገራችንም የሰው ሥጋ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት የተሠራ መሆኑ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ የታወቀ ነው። አውደ ነገሥት በተሰኘው መጽሐፍ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጠው ይደምራሉ፤ ድምሩን ለ12 አካፍለው በቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ከዋክብት የእርሱን ያገኛሉ። ኮከቡም ጠባዩን፣ ዕድሉንና ከማን ጋር ቢጋባ እንደሚስማማ ይናገራል ይባላል። ብዙ የተማረ ሰው በዚህ ይስቃል፤ ይሁን እንጂ ያው ሰው በሥልጠና አዳራሽ የተሰጠውን አራት ፊደል በኪሱ ይዞ ይዞራል። በሁለቱ መካከል አንድ ቁም ነገር ያለው ልዩነት መኖሩን ግን መካድ አይገባም። ኮከብ ቆጣሪው የሚጠይቀው ስምን ነው፤ መጠይቁ የሚጠይቀው ሰውየውን ነው። ስለዚህ መጠይቁ ቢያንስ ሰውየው ስለ ራሱ የሚያምነውን ነገር ይዞ ይነሣል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ መነሻው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታፍ ዩንግ በ1921 ስለ ሥነ ልቡናዊ ዓይነቶች ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ዩንግ ቀልባቸው ወደ ውጭው ዓለም የሚያዘነብልና ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሰዎች እንዳሉ ገለጸ፤ በዚህ ላይ ማሰብን፣ ስሜትን፣ በስሜት ሕዋሳት መረዳትንና ውስጣዊ ግምትን ጨመረ። ሐሳቡን ያጠናቀረው በአብዛኛው ከሕሙማኑ ጋር ካደረገው ንግግርና ሰፊ ከሆነው ንባቡ ነበር። ሰዎችን በየሳጥኑ መክተት ዓላማው እንዳልነበረና አንባቢዎቹ እንዲህ ማድረጋቸው እንዳላስደሰተው በኋላ ራሱ ጽፏል።

ሳጥኖቹን የሠሩት ሁለት አሜሪካውያት፣ ካተሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው። እናትየዋ የዩንግ መጽሐፍ በ1923 በእንግሊዝኛ ሲወጣ አንብባ ተማረከችበት። ልጅቷ በፖለቲካ ሳይንስ የተመረቀችና የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነበረች፤ ሁለቱም የሥነ ልቡና ሙያ ሥልጠና አልነበራቸውም። ኢዛቤል መጠይቁን መሥራት የጀመረችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሆን ሰው ከጠባዩ ጋር የሚስማማ ሥራ ቢያገኝ ጠብና ብክነት ይቀንሳል የሚል ቅን ምኞት ነበራት። የዩንግን ሐሳብ ወደ አራት ጥንዶች ለወጠችው፦ ኃይልን ከሰው መካከል ወይስ ከብቸኝነት ማግኘት፣ ተጨባጩን ዝርዝር ወይስ ከጀርባው ያለውን ትርጉም ማየት፣ በምክንያት ወይስ በስሜት መወሰን፣ ነገሩን ቆርጦ መጨረስ ወይስ ክፍት አድርጎ ማቆየት። አራት ጥንዶች 16 ዓይነቶችን ይወልዳሉ። የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ በመባል የሚታወቀው ይህ ሥራ በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ በታወቀ የፈተና አዘጋጅ ድርጅት አማካይነት ታተመ።

ለሐኪሞች አንድ የሚገርም ነገር አለ። ኢዛቤል ማየርስ ከ1950ዎቹ ጀምሮ መጠይቋን በስፋት የሞከረችው በሕክምና ተማሪዎች ላይ ነው። ከ40 በላይ ከሆኑ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከ5,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን መልስ ሰብስባ፣ ከዓመታት በኋላ በየትኛው ስፔሻሊቲ እንደተሰማሩ ተከታትላለች። በአማካይ ሲታይ አንዳንድ ዓይነቶች ወደ አንዳንድ ዘርፎች ማዘንበላቸውንም ዘግባለች። ነገር ግን የአንድ ዘርፍ ሐኪሞች በአማካይ ይህን መምሰላቸው የተለየ ጠባይ ያለው ሐኪም በዚያ ዘርፍ ደካማ መሆኑን አያሳይም፤ ሰው የመረጠውን ሥራና በሥራው የሚያሳየውን ብቃት መለየት ያስፈልጋል። ኢንተርኗን ያሳሳታት የእነዚህ የሁለቱ መደባለቅ ነው።

መስመሩ የተሰመረው የት ላይ ነው?

የመለያ መጠይቆች ዋነኛ ድክመት ለሐኪም በደም ግፊት ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሁለት ታላላቅ ሐኪሞች፣ ሮበርት ፕላትና ጆርጅ ፒከሪንግ፣ ስለ ደም ግፊት ለዓመታት ተከራክረዋል። ፕላት ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ የተለዩ አንድ ወገን ናቸው ይል ነበር። ፒከሪንግ ደግሞ የደም ግፊት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለ ክፍተት የተዘረጋ መጠን መሆኑን፣ “ጤነኛ” እና “በሽተኛ” የሚለውን መስመር የሚያሰምረው ሐኪሙ ራሱ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ የሚሠራበት በጥቅሉ የፒከሪንግ አስተሳሰብ ነው። 140 ላይ መስመር ቢሰመርም 138 እና 142 የሆኑ ሁለት ሰዎች በእጅጉ እንደሚመሳሰሉ፣ 142 እና 200 የሆኑት ደግሞ በእጅጉ እንደሚለያዩ ማንኛውም ሐኪም ያውቃል።

የሰው ጠባይም በዚሁ መልክ የተዘረጋ ነው። ሰዎች በጭምትነትና በተጫዋችነት መጠይቅ ላይ የሚያገኙት ነጥብ በሥዕል ሲቀመጥ በሁለት ጉብታዎች አይከፈልም፤ አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ይከማቻል፤ ወደ ሁለቱ ጫፎች ሲኬድ ቁጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። መጠይቁ ግን መሐሉን በቢላ ቆርጦ በግራ ያለውን ሁሉ አንድ ፊደል፣ በቀኝ ያለውን ሁሉ ሌላ ፊደል ይሰጠዋል። ስለዚህም ለመሐሉ እጅግ ቅርብ የሆነ ሰው ዛሬ በአንዱ ፊደል ነገ በሌላው ቢጠራ አያስደንቅም። በልዩ ልዩ ጥናቶች መጠይቁን ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግመው ከሞሉት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ቢያንስ አንድ ፊደላቸው ተለውጦ ተገኝቷል። የደም ግፊት መለኪያ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ወደ ጥገና ክፍል ይላክ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሕክምናም እኮ 140 ላይ መስመር ያሰምራል፤ ታዲያ የመጠይቁ መስመር ምን ይለየዋል? ልዩነቱ የመስመሩ አገልግሎት ነው። የደም ግፊት መስመር መድኃኒት መጀመርን የመሰለ ውሳኔ የሚሰጥበት ነው፤ ከዚያ በላይ ላሉት መድኃኒቱ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥም በሙከራ ተፈትኗል። ደግሞም ሐኪሙ ቁጥሩን ከካርዱ ላይ አይሰርዘውም። በጠባይ መጠይቅ ግን መስመሩን ያጸደቀው ምንም ዓይነት የውጤት ማስረጃ የለም፤ ቁጥሩም ተጥሎ ፊደሉ ብቻ ይቀራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1991 ባወጣው ዘገባ መጠይቁን ለሙያ ምርጫ ምክር ለመጠቀም የሚያበቃ በቂ ጥናት እንዳላገኘ ገልጿል። አሳታሚው ድርጅት ራሱ መጠይቁ ሠራተኛ ለመቅጠር እንዳያገለግል ያሳስባል፤ ማሳሰቢያው ግን ከመጠይቁ ጋር እኩል አልተሰራጨም።

“ልክ እኔን ነው!”

ድክመቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ሰው የደረሰውን ጽሑፍ ሲያነብ “ልክ እኔን ነው!” የሚለው ለምንድን ነው? በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው ውጤታቸውን የያዘ ጽሑፍ አድሎ ትክክለኛነቱን ከዜሮ እስከ አምስት እንዲመዝኑ ጠየቃቸው። አማካይ ነጥቡ 4.26 ሆነ። ተማሪዎቹ ያላወቁት ሁሉም የደረሳቸው ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑንና ፎረር አብዛኛውን ዓረፍተ ነገር ከገበያ ከገዛው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ መልቀሙን ነው። “አንዳንድ ጊዜ ተጫዋች ነህ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብቻህን መሆን ትፈልጋለህ” ሲባል የማይስማማ ማን አለ?

ከፎረር ሙከራ አንባቢ በቀላሉ ሊሞክረው የሚችል ፍተሻ ይገኛል። የመጠይቅ ውጤት የደረሰው ሰው የራሱን ገጽ ከማንበቡ በፊት የሌላ ዓይነት ሰው ገጽ የራሱ እንደሆነ አስቦ ያንብብ፤ በልቡም ስንቱን ዓረፍተ ነገር “እውነት ነው” እንደሚል ይቁጠር። ቁጥሩ ከራሱ ገጽ ብዙም ካልራቀ የተደሰተበት ነገር ሰው ሁሉ የሚጋራው ነው ማለት ነው። የሁለቱን ገጾች ልዩነት የሚያሳዩት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው ስለ እርሱ አንዳች ነገር ሊናገሩ የሚችሉት፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ናቸው።

የመጠይቆቹ ሌላው የመወደድ ምክንያት ማንንም የማያስከፉ መሆናቸው ነው። አሥራ ስድስቱም ዓይነቶች በጎ ስጦታ ያላቸው ሆነው ነው የተገለጹት። ይህ ለሰው ልብ ይመቻል፤ ለሐኪም ግን ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ከታች እንደሚታየው የተተወው ነገር ሐኪሙ ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልገው ነው።

ሐኪሞች ራሳቸው የሠሩት መለያ

የጤና ባለሙያ በሥልጠና አዳራሽ መጠይቆች ላይ ከመፍረዱ በፊት በራሱ ሙያ የተወለደውን ማስታወስ ይገባዋል። ሜየር ፍሪድማንና ሬይ ሮዘንማን የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የልብ ሐኪሞች በ1959 ባወጡት ጽሑፍ ጥድፊያ፣ ፉክክርና ቁጣ የማይለየውን ሰው “ዓይነት ኤ”፣ ረጋ ያለውን ደግሞ “ዓይነት ቢ” በማለት ለዩት። የሐኪሞቹ የእንግዳ መቀበያ ወንበሮች ፊት ፊታቸው ብቻ አልቆ እንደነበረና ይህንንም የወንበር አልባሹ እንዳስተዋለ ፍሪድማን በኋላ ይተርክ ነበር፤ ሕሙማኑ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለመነሣት ይቸኩሉ ነበርና።

ሁለቱ ሐኪሞች በግምት አልቆሙም። 3,154 መካከለኛ ዕድሜ ያላቸው ወንዶችን ለስምንት ዓመት ተኩል ተከታትለው በ1975 ባወጡት ውጤት “ዓይነት ኤ” የተባሉት በልብ የደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1981 በአሜሪካ የተሰበሰበ የባለሙያዎች ቡድን ጠባዩን እንደ አጋላጭ ምክንያት ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1985 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ግንኙነቱን አላገኘም። በ1988 ደግሞ ከመጀመሪያው ጥናት ውስጥ በሽታው የያዛቸው ሰዎች ሲመረመሩ ከበሽታው በኋላ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለው “ዓይነት ኤ” የተባሉት ሆኑ። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በዚህ መስክ ለተካሄደው ምርምር የትንባሆ ኩባንያዎች ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሰጥተዋል፤ ልብን የሚጎዳው ሲጋራው ሳይሆን የአጫሹ ጠባይ ነው የሚለው ክርክር ይጠቅማቸው ነበርና።

ከዚህ ሁሉ የተረፈ ነገር አለ። ጥቅሉ “ዓይነት” ሲፈርስ ከውስጡ አንዱ ክፍል፣ ሥር የሰደደ ቁጣና ጥላቻ፣ ከልብ በሽታ ጋር መጠነኛ ግንኙነት እንዳለው በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ያም ሆኖ ከማጨስ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከዓይነት ወደ መጠን

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች የሄዱበት ሌላው መንገድ የተጀመረው ከመዝገበ ቃላት ነው። ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት በ1936 ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላት ለቀሙ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዎች ራሳቸውንና ጓደኞቻቸውን በእነዚህ ቃላት እንዲመዝኑ እያደረጉ የትኞቹ ቃላት አብረው እንደሚሄዱ በሒሳብ አጠኑ። ደጋግመው የወጡት አምስት መጠኖች ናቸው፦ ተጫዋችነት፣ ለሰው ተስማሚነት፣ ጥንቃቄና ትጋት፣ ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆን፣ በጭንቀትና በሐዘን በቀላሉ የመያዝ ዝንባሌ። ሰው በእያንዳንዱ ላይ መጠን እንጂ ፊደል አይሰጠውም።

ሮበርት መክሬና ፖል ኮስታ በ1989 የማየርስ ብሪግስን መጠይቅ ከእነዚህ ጋር ሲያነጻጽሩ አራቱ ጥንዶች ከአምስቱ መጠኖች ከአራቱ ጋር መቀራረባቸውን አገኙ። ይህም መጠይቁ ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል፤ የለካው እውነተኛ ነገር አለ፤ ስሕተቱ መጠኑን ወደ ዓይነት መለወጡ ነው። የጎደለው አምስተኛው የጭንቀትና የሐዘን ዝንባሌ ነው። ከመንፈስ ጭንቀት ሕመም ጋር ጥብቅ ግንኙነት ያለው ይኸው የተተወው መሆኑን ልብ ይሏል።

አምስቱ መጠኖችም ቢሆኑ ለሁሉም አገር የተቆረጡ ልብሶች አይደሉም። በቦሊቪያ በአደንና በእርሻ የሚኖሩት የቺማኔ ሕዝብ በ2013 በታተመ ጥናት ሲጠየቁ አምስቱ መጠኖች በግልጽ አልወጡም። መጠይቅ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር ቃሉ ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱም ይሻገራል ተብሎ መታሰቡ ስሕተት ነው። ይህ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ “በስብሰባ ላይ ቀድሜ ሐሳቤን እገልጻለሁ” የሚል ጥያቄ ለአንድ ወጣት ሐኪም ቀረበ እንበል። ታላላቆቹ ባሉበት ቀድሞ መናገር እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቤት ያደገ ከሆነ “አልገልጽም” ብሎ ይመልሳል፤ መጠይቁም ጭምት ይለዋል። ያው ሰው ከእኩዮቹ ጋር ቡና ላይ ሲቀመጥ ግን ጨዋታውን የሚመራው እርሱ ሊሆን ይችላል። ይሉኝታ የምንለው ነገር፣ ማለትም ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን መግታት፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይገለጥም፤ በአሥራ ስድስቱም ዓይነቶች ውስጥ የራሱ ቦታ የለውም። ሆኖም በርካታ ኢትዮጵያዊ ሕሙማን ሐኪም ፊት ምን እንደሚናገሩና ምን እንደሚደብቁ የሚወስነው እርሱ ነው። ጥቁር እንግዳ ፊት ስለ ወሲብ ሕመሟ የማትናገር ሴት “ዝግ ጠባይ” ስላላት ነው ብሎ የሚጽፍ ሐኪም መጠየቅ የነበረበትን ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀርቷል።

በምርመራ ክፍል

መለያዎቹ በጤና ላይ ጉዳት የሚያደርሱት ሕመም የጠባይ ስም ሲወጣለት ነው። ለወራት እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ፣ ቀድሞ የሚወደው ነገር የማያስደስተው ሰው “እኔ እኮ ተፈጥሮዬ ነው፤ ጭምት ነኝ፤ ፈተና ወስጄ አውቄዋለሁ” ሊል ይችላል። ቃሉ ያጽናናዋል፤ ሕክምና ከመፈለግ ግን ያግደዋል። እዚህ ላይ ሐኪሙን የሚረዱት ቀላል ጥያቄዎች ናቸው። እንዲህ የሆንከው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከሦስት ዓመት በፊት የሚያውቅህ ሰው ዛሬ ቢያይህ ለውጥ ያያል? ብቻህን ስትሆን ታርፋለህ ወይስ ይብስብሃል? ጭምት ሰው ብቻውን ሲሆን ኃይሉ ይታደሳል፤ በመንፈስ ጭንቀት የተያዘ ሰው ብቻውን ሲሆን ሐሳቡ ይበላዋል። ጠባይ ከልጅነት ጀምሮ በዝግታ የሚሄድ ነው፤ ሕመም ብዙውን ጊዜ መነሻ ወር አለው። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ የመንፈስ ጭንቀትን ለመለየት የተዘጋጀው የዘጠኝ ጥያቄዎች መጠይቅ አለ፤ በአዲስ አበባ በተመላላሽ ሕሙማን ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። በአዳራሾቻችን የሚታደሉት የጠባይ መለያዎች እንዲህ ያለ ፍተሻ አልፈው የመጡ አይደሉም።

ጠባይም ቢሆን የማይነቃነቅ ዓለት አይደለም። ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከወጣትነት ወደ ጎልማሳነት ሲኬድ ጥንቃቄና ትጋት በአማካይ ይጨምራል፤ በጭንቀት የመያዝ ዝንባሌ ይቀንሳል። በ2017 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ደግሞ የሥነ ልቡና ሕክምና በተለይ ይህንኑ የጭንቀት ዝንባሌ በወራት ጊዜ ውስጥ እንደሚቀንስ አመልክቷል። በተመላላሽ ክፍል ለሕመምተኛ ሊነገር የሚገባው ይኼ ነው።

ታዲያ መጠይቁ ይጣል?

ራስን ለመመርመር የሚያገለግልበት አንድ በር አለ፤ እርሱም መጠይቁ የሚጀምረው ጨዋታ ነው። ባልና ሚስት አንዱ እንግዳ ሲመጣ ለምን እንደሚደሰት፣ ሌላው ለምን እንደሚደክም ለዓመታት ሳይነጋገሩ ይኖሩ ይሆናል። አንድ ገጽ ወረቀት በመካከላቸው ሲቀመጥ ወቀሳው ቀርቶ ጥያቄው ይመጣል። ነርስና ሐኪም ስለ ርክክብ ሲጋጩ አንዱ ዝርዝሩን፣ ሌላው ጠቅላላ ሁኔታውን መስማት እንደሚፈልግ ቢረዱ ለሕመምተኛው ይበጃል። ይህን ለማግኘት ፊደሉን ማመን አያስፈልግም፤ ስለ ራስ የሚነገር ረቂቅ ጽሑፍ አድርጎ መውሰዱ ይበቃል። ረቂቅ ይታረማል። ያልተስማማበትን ዓረፍተ ነገር ማስመር፣ ተቃራኒውን ያደረገበትን ቀን ማስታወስ፣ ወረቀቱን በቅርብ ለሚያውቀው ሰው አሳይቶ “የቱ ነው እኔ ያልሆንኩት?” ብሎ መጠየቅ ከፊደሉ የበለጠ ያስተምራል። ከሁለት ወር በኋላ መጠይቁን ደግሞ መሙላትና የተለወጠውን ማየትም አይከፋም።

ወደ ኢንተርኗ እንመለስ። ወረቀቱን ይዛ ወደ አንድ የቀዶ ሕክምና ሲኒየር ሐኪም ሄደች እንበል። “ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?” ብላ ብትጠይቃቸው ወረቀቱን አንብበው የሚመልሱላት ሦስት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። በዱቲ ሌሊት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተሽ ስትወጪ ምን ይሰማሽ ነበር? እጅሽ በልምምድ ሲሻሻል አይተሽዋል? በጥድፊያ መወሰን የከበደሽ መቼ ነው፤ ዕውቀት ሲያንስሽ ነው ወይስ ዕውቀቱ ኖሮሽም ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ወዲያው መልስ የላትም። በሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ስትሆን ማስታወሻ ደብተር ይዛ ትገባለች፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ቀኑን፣ የሕመምተኛውን ሁኔታና ውሳኔው የዘገየበትን ምክንያት ትጽፋለች።